መድኃኒት በገንቦ ወደ መርሐቤቴ

ስለ ጉዞው ከማውራቴ በፊት የተጓዘው ማን እንደሆነ አንባቢ ሊያውቅ ይገባል። ንጉሤ እባላለሁ፤ የመንዝ ሰው ነኝ፤ የምኖረው መሐል ሜዳ ነው። በዚያ ዓመት ሰባ አንድ ሞልቶኝ ነበር። ዳዊት የደገምሁት ቄስ ዘንድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን አስተማሪ ፊት ተቀምጬ አላውቅም። ሃያ ስምንት ዓመት የጤና ጣቢያ ዕቃ ግምጃ ቤት ስጠብቅ፣ ሐኪሞች ጥለዋቸው የሄዱትን መጻሕፍት ከአይጥ አድኜ፣ በአንድ መዝገበ ቃላት እንግሊዝኛ ተማርሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ስለ ሴል የሚያትት ወፍራም መጽሐፍ ገዛሁ። በመንዝና በግሼ፣ ስኳር በደም ውስጥ ቆሞ የሚቀረው ለምን እንደሆነ ከሥሩ ማስረዳት የሚችል ያልተማረ ሰው ከእኔ ሌላ የለም። የተማሩትም ቢሆኑ ብዙዎቹ አይችሉም።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ኢንሱሊን የሚባለው መልእክተኛ ወደ ሴሉ ውስጥ አይገባም። ደጅ ላይ ቆሞ ያንኳኳል። ከውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች መልእክቱን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያደርሱና ለስኳሩ በር ይከፈታል። በመካከላቸው ግን ተቆጣጣሪዎች አሉ፤ አንዱ "ይለፍ" ይላል፣ ሌላው "በቃ" ይላል። "በቃ" የሚለው ከልክ በላይ ሲበረታ ኢንሱሊን ቢጮህ ሰሚ የለውም። በልብ ጡንቻም እንዲሁ ነው፤ ልብን በርታ የሚለው መልእክት በየመንገዱ ጸጥ ሲደረግ ልብ ይደክማል። ስኳርና ልብ አንድ ሰው ላይ አብረው የሚመጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህን ለብዙ ሰው ተናግሬአለሁ። እስከ መጨረሻው የሰማችኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ናት፤ መርሐቤቴ ያገባችው ታናሽ እኅቴ አስካለ። ሚስቴ ባረፈች በዓመቱ ለተዝካሩ መጥታ አንድ ሳምንት ተቀምጣ ነበር። እሷም ስኳርና ልብ አለባት፤ መርፌ ትወጋለች። እየፈተለች ሰማችኝና፣ "እንግዲህ ይኼ ተቆጣጣሪ የሚሉት የሠርግ ቤት አጋፋሪ ነዋ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ማን እንደሚገባ፣ ማን በቃህ ተብሎ እንደሚነሣ የሚወስነው አጋፋሪ ነው፤ አጋፋሪው ክፉ ከሆነ እንግዳው ደጅ ቆሞ ይውላል፣ ምግቡም ውስጥ ይበላሻል። መጽሐፉ ላይ ካለው ሥዕል ይልቅ ይህ ይሻላል።

በዚያው ሳምንት፣ ዕውቀቴን ላሳያት ብዬ፣ ኢንሱሊን ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ተጨምቆ የሚወጣ ነው አልኋት። ሐኪሞቹ ጥለውት ከሄዱት አሮጌ መጽሐፍ ያገኘሁት ነበር።

በተከታዩ ዓመት ሁዳዴ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆኖት ሳለ ከምራቷ ከየሺ ደብዳቤ መጣልኝ። እማማ ጾሙ ከገባ ወዲህ መርፌውን ትታለች ይላል። ወንድሜ የከብትና የእሪያ ነገር ነው ብሎኛል፣ እንዴት በጾም ሥጋዬ ውስጥ አስገባለሁ ብላ ያላትን ብልቃጥ ለጤና ጣቢያው መለሰች። እግሯ አብጧል፣ ተጋድማ መተኛት አልቻለችም። አሁን እሺ ብትልም መድኃኒቱ እዚያ አልቋል።

ከጤና ጣቢያችን ሄጄ ነገሩን አስረድቼ ሁለት ብልቃጥ ተሰጠኝ። ከማሸጊያው ውስጥ የወጣችውን ቀጭን ወረቀት አነበብሁ። ይህ ኢንሱሊን ከእንስሳ የተወሰደ አይደለም፤ በእርሾ የተሠራ ነው ትላለች። ቤቴ ገብቼ አዲሱን ወፍራም መጽሐፍ ገለጥሁ። እዚያም ተጽፏል፣ ምዕራፉ መግቢያ ላይ። እኔ ወደ ተቆጣጣሪዎቹ ለመድረስ ስቸኩል ያንን ገጽ ዘልዬው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ተነሣሁ። ብልቃጦቹን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ እርጥብ አሸዋ በሞላሁበት ማሰሮ ቀብሬ፣ ማሰሮውን ደግሞ በውሃ በተነከረ የሱፍ ባና ቁራጭ ሸፈንሁ። መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም። የአውቶቡሱ ረዳት ዕቃውን ጣሪያ ላይ ልስቀልልዎ ቢለኝ እንቢ ብዬ ጭኔ ላይ አደረግሁት። በእኛ አገር በዚያ ወቅት ነፋሱ ራሱ ያቀዘቅዛል፤ እስከ ሞላሌ ድረስ የበረደው መድኃኒቱ ሳይሆን ጉልበቴ ነው።

ሞላሌ ላይ አንዲት የበግ ነጋዴ ተሳፍራ አጠገቤ ተቀመጠች። ማሰሮውን አየችና ከየት ገዳም እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጠበል መስሏታል። ጠበል አይደለም ብዬ ስለ ኢንሱሊን፣ ስለ በሩ፣ ስለ አጋፋሪው አስረዳኋት። ሰላ ድንጋይ እስክንደርስ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አባቴ፣ ለራስዎ ከሆነ እግዜር ይማርዎ፤ ግን ትንሽ ጠብ አድርገውልኝ ግንባሬን ብቀባው ምን ይልዎታል?" አለችኝ። ከኋላ የተቀመጡትም ሰምተው እጃቸውን ዘረጉ። ከባናው ላይ ውሃ እየጨመቅሁ ለአምስት ሰው ግንባር አዳረስሁ። ትምህርቴን የወሰደ አልነበረም፤ ውሃውን ግን ሁሉም ወሰደ።

ደብረ ብርሃን ያደርሁበት ቤት ንጹሕ ነው። አልጋው እንደ እኛ መደብ ጠንካራ ባይሆንም ብርድ ልብሱ ስስ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሽሮ አቀረቡልኝ። አራት ሰው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ብቻዬን በላሁ፤ ትርፍ ወንበሮቹን አስተናጋጇ አንድ በአንድ ለሌሎች እንግዶች ወሰደቻቸው።

ማክሰኞ አዲስ አበባ ገባሁ። ስለዚህ ከተማ የምጽፈው ብዙ የለኝም። መሐል ሜዳ ላይ ቆሜ ቢያስለኝ ሦስት ሰው ይጠይቀኛል። እዚህ ከአውቶቡስ ስወርድ ተደናቅፌ በጉልበቴ ወደቅሁ፤ ማሰሮዬን ወደ ላይ ይዤ ነው የወደቅሁት፤ ሰዉ ዙሪያዬን እንደ ውሃ ከፈል ብሎ አለፈ። አንድ ሊስትሮ ብቻ፣ ጺሙ የሸበተ ሽማግሌ፣ ሳጥኑን ሰጥቶኝ ቁጭ አልሁ። የይፋት ሰው ነው። አንድ ነገር ሳይጠይቀኝ ጫማዬን ጠራርጎ፣ ለመርሐቤቴ አውቶቡስ ሌሊቱን ሰልፍ እንደሚያዝ ነገረኝ። በመስኮት መንገዱ ብቻ የሚታይበት ክፍል ውስጥ አደርሁ። የኔ ልጆች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ለሥራ ወደ ደቡብ ከወረዱ ቆይተዋል። በዚያ ክፍል ሆኜ አንዳቸው እንኳ መንገድ ላይ መሆኔን እንደማያውቁ ትዝ አለኝ።

ረቡዕ ማሰሮዬ ተሰበረ። ሙከ ጡሪን አልፈን ወደ ሌሚ ስንቃረብ አውቶቡሱ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ዘለለና የፊተኛው ወንበር ብረት ማሰሮውን መታው። እርጥብ አሸዋው ጎኔ በተቀመጡ አንድ አዛውንት ጋቢ ላይ ተዘረገፈ። ብልቃጦቹን በእጄ ያዝኋቸው፤ አልተነኩም። አዛውንቱ ጋቢያቸውን እያራገፉ፣ መሬት ከአገራቸው ጭነው የሚዞሩ ሰው ዛሬ ገና አየሁ አሉ። አውቶቡሱ ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞክሬ ነበር። ሌሚ ስንደርስ ደግሞ የኋላው ጎማ ፈንድቶ ስለተገኘ እዚያው ማደራችን ተነገረን።

እንግዳ የሚያሳድሩት ሴት ወይዘሮ ብርቅነሽ ይባላሉ፤ ባላቸው ሞቶባቸዋል። በእኛ አገር እንግዳ ሲገባ በሩ ወዲያው ይዘጋል፣ ነፋስ አለና። እሳቸው በሩን እንደተከፈተ ተዉት፤ ሙቀቱ ከቆላው እየወጣ እዚያ ድረስ ይሸታል። የማሰሮዬን ስብርባሪ ይዤ ሲያዩኝ አንዷን ገል ተቀብለው አገላብጠው በጣታቸው አሹዋት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

"አባቴ፣ እንኳንም ተሰበረ። ይኼ ወጥ የበላ ሸክላ ነው። ቅባት የጠጣ አያልብም፤ ያላላበ ደግሞ አያቀዘቅዝም። ነገ ጀማ ሲወርዱ መድኃኒትዎን ቀቅለው ይደርሱ ነበር።"

እውነት ነው። ውሃው በሸክላው ቀዳዳ እየወጣ በነፋስ ሲደርቅ ነው የሚያቀዘቅዘው። ይህን መርህ በእንግሊዝኛ አንብቤዋለሁ፤ የሚስቴ የወጥ ማሰሮ ቀዳዳው በዘይት መዘጋቱን ግን አላሰብሁም። ወይዘሮ ብርቅነሽ የራሳቸውን የመጠጥ ውሃ ገንቦ፣ ጎኑ ወርዝቶ የሚያንጠባጥበውን፣ ባዶ አድርገው አጥበው ንጹሕ ውሃ ሞልተው ሰጡኝ። አንገቱ ጠባብ ነው፤ ብልቃጦቹን በላስቲካቸው በክር አስረን አንድ በአንድ አወረድናቸውና ክሩን ጆሮው ላይ አሰርን። በምን እንደምመልስላቸው ብጠይቅ፣ ገንቦውን በሚመጣው አውቶቡስ ከላኩልኝ ይበቃኛል አሉ። ለእራት ያቀረቡልኝ የስንዴ ቂጣና ተልባ ነበር። ስለ ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች ልነግራቸው ጀምሬ ተውሁት።

ሐሙስ ወደ ጀማ ወረድን። መንዝ ላይ ተወልዶ ያረጀ ሰው ይህን ቁልቁለት አንድ ጊዜ ማየት ይበቃዋል። በየመታጠፊያው አንድ ልብስ እያወለቅሁ ወንዙ ዘንድ ስደርስ በሸሚዝ ቀረሁ፤ በዚያ ሰዓት መሐል ሜዳ ላይ ሰው ካፖርት ለብሶ ፀሐይ ይሞቃል። ገንቦው ግን ጭኔ ላይ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሱሪዬን ሁሉ አረጠበው። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት መምህር በረጠበው ሱሪዬ እያፈረልኝ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ በሰላም ገባን። እዚያ ያገኘሁት አልጋ ሸራ ነው፤ ማሽላ እንጀራውም ከእኛ ገብስ ይጣፍጣል፣ ይህን ሳልሸሽግ እጽፋለሁ።

ዐርብ ማለዳ በእግሬ ተነሥቼ ስምንት ሰዓት ላይ አስካለ ደጅ ደረስሁ። የሺ ሮጣ ገንቦውን ተቀበለችኝ።

እኅቴ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። እንድትተኛ ብላት አልችልም አለች፤ ስትጋደም አየሩ ያጥራታል። እግሯን በጣቴ ብጫነው የጣቴ ጉድጓድ ቀረ። አጠገቧ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ውሃ አለ፣ ሦስተኛዋ ነው አሉኝ። እኔን ስታይ ግን ፊቷ በራ። "ወንድም ጋሼ፣ ይህን ሁሉ አገር በእግርዎ?" አለች።

የነፍስ አባቷ መምሬ ጥላዬም መጡ። ሲያዩኝ አልተደሰቱም። ታማሚ ጾም የለበትም ብለው እንደለመኗት፣ ገና ሳይገባ ከጾሙ እንደፈቷት ነገሩኝ። እሷ የመለሰችላቸውን እሳቸው እፊቷ ደገሙልኝ፦ "እርስዎ አባቴ አዝነውልኝ ነው፤ ወንድሜ ግን አንብቦ ነው።"

ይህን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝን እውነቱን ልጻፍ። ደስ አለኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ካነበብሁት አንዲት ቃል ከቄስ ቃል በላይ ተሰምታለች። ደስታው የቆየው ዓይኔ እግሯ ላይ እስኪያርፍ ነው።

ወረቀቷን አውጥቼ ማስረዳት ጀመርሁ። ከእንስሳ አይደለም፣ እርሾ ነው፣ እንደ ጠላ ጥንስስ ነው አልኋት። አዲሱን መጽሐፍ ጠቀስሁ። አስካለ ሰምታኝ፣ "ያኔም ከመጽሐፍ ነው ያሉኝ። የትኛውን ልያዝ?" አለች። ደግሞም ሁለተኛ ጥያቄ ነበራት፤ ከመጀመሪያው የሚከብድ። መርፌውን ተወግታ ሳትበላ መቆየት አትችልም፣ ስኳሯ ወርዶ ትወድቃለች። እርሾም ቢሆን ጠዋት መብላት ግድ ነው። ሰው ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲቆይ እኔ በማለዳ ጎርሼ ፋሲካን በምን ፊቴ ልቀበል አለች።

ተቆጣጣሪዎቹን ሁሉ በስማቸው አውቃለሁ፤ ለዚህ የሚሆን ግን አንድም የለም።

"አስካሉ፣ ያኔ ያልሁሽ ስሕተት ነው" አልኋት። "አሮጌውን አምኜ አዲሱን ሳላየው ዘለልሁት። አላውቅም ነበር።"

የመለሰችልኝን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦ "ጋሼ፣ በእኔ ቤት አጋፋሪው እርስዎ ነዎት። ይግባ ያሉት ይገባል፤ በቃ ያሉት ይቀራል። እርስዎ አላውቅም ካሉኝ እኔ ደጅ ላይ ቆሜ መቅረቴ አይደለም?"

ተነሥቼ መምሬ ጥላዬ እግር ላይ ወደቅሁ። የወደቅሁት አስቤበት አልነበረም፤ ጉልበቴም ማክሰኞ ከቆሰለበት አላገገመም። አባቴ፣ ታማሚ ሰው በቃሌ አሳስቻለሁና ቀኖና ይስጡኝ አልሁ። እሳቸው መስቀላቸውን ይዘው ፈረዱ። የእኅቴን ጾም እኔ እንድሸከም፤ ከሰኞ ጀምሮ እስከ ስቅለት፣ ቅዳሜና እሑድ ሲቀር ሃያ ቀን፣ እሷ በማለዳ ስትበላ እኔ ፀሐይ እስክትጠልቅ እህል ውሃ እንዳልቀምስ። ሰዓቷን አንተ ትቆምላታለህ አሉኝ። ወደ እሷም ዞረው፣ እንግዲህ ያልበላሽ እንደሆነ የሱ ድካም ከንቱ ነው አሏት።

ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እኔም በእርጅናዬ ምክንያት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነበር የምቆየው። አስካለ ይህን ታውቃለች። ፀሐይ እስክትጠልቅ ይችላሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መንዝ ላይ ፀሐይ ቶሎ ትጠልቃለች አልኋት። ሐሰት ነው፤ ሳቀች ግን። ሳቋ ሳል ሆነባትና የሺ ደገፈቻት።

ከዚያ ክሩን ጎትቼ ብልቃጡን አወጣሁ። አሁንም ቀዝቃዛ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኅቴ እንደ ቀድሞዋ ራሷን ወጋች፣ ቀጥላም በላች። በማግስቱ በጎረቤት በቅሎ ጭነን ዓለም ከተማ ጤና ጣቢያ አደረስናት። ሐኪሙ እግሯን አይቶ ውሃውን የሚያወጣ ኪኒን ጨመረላት፣ የመርፌውንም መጠን አስተካከለ። ስለ ልቧ አንዳንድ ነገር ልነግረው ስጀምር በትሕትና ሰማኝ፤ ሰልፉ ግን ረጅም ነበር።

እሑድ ከሰዓት ወጣሁ። ስሰናበታት ያስጨነቃት የራሷ ነገር አልነበረም፤ ብቻዎን ሆነው ማታ ማን ያቀርብልዎታል አለችኝ። የቀኖናውን ሃያ ቀን የጀመርሁት መንገድ ላይ ነው፤ ሰኞ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ በዘጠኝ ሰዓት ዳቦውን ሲያወጣ እኔ በመስኮት እያየሁ ፀሐይዋን ጠበቅሁ። ሌሚ ላይ ገንቦውን ለወይዘሮ ብርቅነሽ በእጄ አስረከብሁ። ቤቴ ስደርስ በሩ እንደተውሁት ነበር፣ ገል ላይ የተረሳ አመድ ሳይቀር።

በዚህ ጉዞ የፈጸምሁትን ልዘርዝር፦

በሰባ አንድ ዓመቴ ደጋውንና ቆላውን አቋርጬ ሁለት ብልቃጥ መድኃኒት ሳይሞቅ፣ ሳይሰበር አድርሻለሁ።

ስኳር ለምን በደም እንደሚቆም ለአንዲት የበግ ነጋዴ ከሞላሌ እስከ ሰላ ድንጋይ አስረድቻለሁ።

ለተቆጣጣሪ ፕሮቲን አማርኛ አግኝቼለታለሁ፤ አጋፋሪ። ቃሉ የእኅቴ ነው።

የሚያልብ ሸክላና የማያልብ ሸክላ ለይቻለሁ።

አሮጌው መጽሐፍ ላይ፣ ከብትና አሳማ ከሚለው መስመር ጎን፣ "ይህ ተለውጧል" ብዬ በቀለም ጽፌአለሁ። እኔ ስሞት የሚያነበው ሰው ከተገኘ።

እኅቴ ፋሲካን በእግሯ ቆማ ተቀብላለች፤ የሺ ጽፋልኛለች፣ እግሯም ጎድሏል።

ሃያውን ቀን አንድም ሳላጎድል ቆምሁ። በየማታው ፀሐይዋ ስትጠልቅ ቁራሼን ስቆርስ፣ አስካለ የእኔን ሰዓት ቆጥራ፣ አሁን ጋሼ ጎረሰ እንደምትል አውቅ ነበር። ከሚስቴ ተዝካር ወዲህ ብቻዬን ያልበላሁት እነዚያን ሃያ ማታዎች ብቻ ነው።